በመጠኑ የተለወጠ ነባር አውቶሞቢል፤ ከአሰላ ጋራዦች የተነሣ ጥያቄ

አንድ አውቶሞቢል ከተሠራ ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲሆነው «ክላሲክ» የሚል የክብር ስም ይሰጠዋል። እኛ «ነባር» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ዕድሜን መቁጠር ቀላል ስለሆነ ስሙን መስጠት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ነባር የተባለ መኪና በረጅም ዘመኑ የሰው እጅ ሳይነካው የሚቀርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በመጠኑ የተለወጠውን ፈጽሞ ሌላ ከሆነው የሚለየው ድንበር ከምን ላይ ነው? በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ጥያቄ ብዙ ተጽፎበታል፤ ማኅበራት ተቋቁመውለታል፤ ደንብም ወጥቶለታል። በአገራችን ግን እስካሁን የተተወው ለሻጭና ለገዢ ክርክር፣ ቢበዛም ለዓመታዊ ምርመራ ባለሙያው አስተያየት ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ለማንሣት የሚያስገድድ ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። የእነዚህ ውሳኔዎች ጠቀሜታና ጉዳት ለሌላ ጽሑፍ የሚተው ነው። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው፣ በአገር ውስጥ የሚገኙት አሮጌ መኪናዎች ቁጥር ከእንግዲህ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ የሚሄድ አለመምሰሉ ነው። የሚተርፉትስ ምን መልክ ይዘው ይተርፋሉ? ፋብሪካ እንደ ወለዳቸው ተደርገው ታድሰው ወይስ የአገራችን ሠራተኛ የጨመረባቸውን እንደ ያዙ?

መኪና በኢትዮጵያ የተዋወቀው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ይዞላቸው በመጣ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ባለፈው ዘመን ከሁሉ ይልቅ በታሪክ የታወቀው መኪና የቤተ መንግሥት ሮልስ ሮይስ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስዋገን ናት። በዓለም ላይ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ እኅቶች ያሏት፣ በፋብሪካ ዓይን ምንም ልዩነት የሌላት መኪና፣ በአንድ ጠዋት ሥራዋ ብቻ ከሁሉ ተለየች። መኪናን ታሪካዊ የሚያደርገው የተሠራበት ብቻ ሳይሆን የሠራውም ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ለውጥን ስንመዝንም ይህን መርሳት አይገባንም።

አስቀድመን የውጭውን መለኪያ እንመልከት። ፊቫ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የነባር ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በፌዴሬሽኑ ትርጓሜ መሠረት ነባር ተሽከርካሪ ማለት ቢያንስ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ሁኔታ ተጠብቆ የተያዘና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኖ የማያገለግል ነው። ፌዴሬሽኑ ፋብሪካው እንዳወጣው የቆየውን በዘመኑ ከተለወጠው ለይቶ ይመድባል። «በዘመኑ የተለወጠ» የሚለው ሐረግ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። መኪናው በሥራ ላይ ሳለ በጊዜው በነበረው ዕቃና ጥበብ የተደረገ ለውጥ ሁሉ እንደ ጥፋት አይቆጠርም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 መካከል የፀደቀው የቱሪን ቻርተርም በዚሁ መንፈስ፣ ተሽከርካሪው በዘመኑ ያገኛቸው ለውጦች የታሪኩ ምስክር መሆናቸውን ይቀበላል።

እንግሊዞች እንደ ልማዳቸው ነገሩን በሒሳብ አድርገውት ነበር። እጅግ የተለወጠ መኪና የቀድሞ ታርጋውን ይዞ እንዲቀጥል ለመወሰን ለረጅም ዓመታት ሲሠሩበት በኖሩት ደንብ፣ ለሻንሲው 5 ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ ለመሪው፣ ለባሌስትራና ለተንጠልጣይ ክፍሎቹ፣ ለአክሰሎቹና ለካምቢዮው ለእያንዳንዳቸው 2 ነጥብ፤ ለሞተሩ ግን 1 ነጥብ ብቻ። ከ14 ነጥብ 8 ያገኘ፣ ሻንሲውም የራሱ የሆነ፣ ያው መኪና ነው ተብሎ ይጸድቅለት ነበር። ለሞተር ከሁሉ ያነሰ ነጥብ መስጠታቸው መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። በእኛ አገር የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጎን ለጎን በሊብሬ ላይ የሚሰፍር በመሆኑ፣ ሞተር የለወጠ ሰው የመኪናውን ግማሽ ነፍስ የለወጠ ያህል ይሰማዋል። እንግሊዞች የተመለከቱት ግን ሌላ ነው፤ ሞተር ያልቃል፣ ይወጣል፣ ይገባል፤ ሻንሲ ግን መኪናው ራሱ ነው።

የአሜሪካኖቹ መለኪያ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቶች መኪናቸውን እንደ ልብስ በልካቸው ማሰፋት ጀመሩ። ጌጣጌጡን ያነሣ፣ ከመሬት ዝቅ ያደረገ፣ ቀለሙን የለወጠ «በመጠኑ ለወጠ» ተባለ፤ ጣራውን ቆርጦ ያሳጠረና አካሉን የከፈለ ደግሞ ከዚህ ወጥቶ በሌላ ምድብ ገባ። በኤግዚቢሽኖቻቸው ለሁለቱም ለየብቻ ሽልማት አለ። የእነርሱ ለውጥ ለመልክ ነው፤ የእኛው ደግሞ፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ለእንጀራ ነው። ስለዚህ ስሙ ቢመሳሰል ነገሩ አንድ አይደለም።

እነዚህን መለኪያዎች ይዘን ወደ አርሲ ደጋ እንውጣ። ከአዳማ በደራና በኢተያ አድርጎ አሰላ የሚያደርሰው መንገድ ከ1700 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ 2400 ሜትር ግድም ይደርሳል። ከአሰላ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሲኬድ ከፍታው የበለጠ ይጨምራል፤ በስተምሥራቅ የጭላሎ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ቆሞ ይታያል። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። የኃይሌን፣ የደራርቱን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን ሳንባ ያሳደገው ይህ ስስ አየር ለሞተር ግን ማነቂያው ነው። በባሕር ወለል የተለካ የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጁን፣ አንዳንዴም እስከ አራት አንድ እጁን ያጣል። ከዚህም በላይ፣ ካርቡራተሩ የሚያሳልፈው ነዳጅ በአየሩ መሳሳት ልክ ስለማይቀንስ ውህዱ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል።

የደጋው መካኒክ መድኃኒት ቀላል ነበር። በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን አውጥቶ ቀዳዳዋ በጠበበች ሌላ ይተካታል። ሌላ ካላገኘ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በቀጭኑ ይበሳዋል፤ የማቀጣጠያውንም ጊዜ በጥቂት ዲግሪ ያስቀድማል። ነገር ግን ያ መኪና ጭነት ይዞ አዳማ በወረደ ጊዜ ውህዱ ሳስቶ ሞተሩ ይሞቃል። ስለዚህ የአሰላው ባለሙያ የሚመርጠው የአሰላን ወይም የአዳማን ልክ ሳይሆን መንገዱ በሁለቱ መካከል ያስገደደውን ልክ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም ያልተነካ የሚመስል መኪና፣ ከውስጡ እንዲህ ለአንድ መንገድ ተቃኝቶ ይገኛል። ይህን ለውጥ የትኛውም የነጥብ ደንብ አይቆጥረውም። በእኔ አስተያየት ግን የአርሲ ደጋ መኪና የመጀመሪያ ፊርማው ይህ ነው።

ደጋውን በሰፊው ያዳረሰው መኪና ላንድሮቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ መኪና፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በእንግሊዝ አገር በራሽን ይሰጥ ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ከብረት ተሠራ። ላሜራዎቹ በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው በመፍቻ ብቻ ይወልቃሉ። በ1959 ዓ.ም. መውጫና በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሲቋቋም መቀመጫው አሰላ ሆነ። በቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ተጀመረ፤ የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ ተሠርቶ ተሞከረ። በዚሁ ዘመን ትራክተር በጭላሎ ሜዳ ተስፋፍቶ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው መነቀላቸው ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም፤ ሞተር ለደጋው በረከት ብቻ ይዞ አልመጣምና። በ1968 ዓ.ም. ካዱ አርዱ ሆኖ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሰፋ። ላንድሮቨር ከዚህ ዓይነቱ የልማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ጋር የተቆራኘ ነበር። ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት ሲወጣም ዕረፍት አላገኘም፤ በነጋዴ እጅ ገብቶ በገበያ ቀን ሰውና እህል አመላላሽ ሆነ።

ሁለተኛው የለውጥ ምዕራፍ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኋላው አግዳሚ ወንበር ይረዝማል፤ ከጣራው ላይ ጆንያ የሚሸከም ፖርቶ መጋላ ይበየዳል፤ ክብደቱን ለመቻል ከጭነት መኪና የተገኘ ቅጠል በባሌስትራው ላይ ይደረባል። መለዋወጫ በጠፋበት በደርግ ዘመን የአንዱ ፓራፋንጎ ለሌላው፣ የሌላው ኮፈን ለሦስተኛው ተዛወረ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሰዎች የሚናገሩበት ቋንቋ ራሱ የተገጣጠመ መሆኑን ልብ ይሏል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን የምንላቸው ሁሉ ከጣልያን ሠራተኞች የተወረሱ ቃላት ናቸው። የቋንቋ ምሁራን በአማርኛ የመካኒክ መዝገበ ቃላት ላይ ቢሠሩ ደስ ይለኛል፤ ለእኛም ሙያ ውለታ በሆነ ነበር።

ለውጥ ከጋራዥ ብቻ የሚወጣም እንዳይመስለን። በአዲስ አበባ በታክሲነት ለረጅም ዘመን ያገለገለችውን ላዳ እንውሰድ። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሊያቲ ከተማ ማምረት የጀመሩት፣ መሠረቱ ፊያት 124 የሆነ መኪና ነው። መንገዳቸው ክፉ፣ ክረምታቸው ብርቱ በመሆኑ ላሜራውን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተኩት፤ ሞተሩንም በአዲስ ሠሩት። ስምንት መቶ ያህል ለውጥ ተደረገበት ይባላል። አንድ ጋራዥ ቢያደርገው «ይህ ፊያት አይደለም» የሚባልበትን ሥራ አንድ መንግሥት ሲያደርገው አዲስ ሞዴል ሆነና ራሱን የቻለ ስም አገኘ። በአዲስ አበባ «ውይይት» የሚባለው ታክሲ ግን ፋብሪካ አልሰየመውም። የጭነት ፔጆ 404 ሆኖ ሳለ ከኋላው ጣራና በግራና በቀኝ አግዳሚ ተሠርቶለት፣ ተሳፋሪዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተፋጠው ስለሚቀመጡ ሕዝቡ በዚያ የስብሰባና የውይይት ዘመን እንዲህ ብሎ ሰየመው። ለውጡ የራሱ ስም እስኪያገኝ ድረስ ሥር የሰደደ ነው። «ውይይትን» ወደ ፋብሪካ መልኩ እመልሳለሁ የሚል ሰው አንድ ተራ የጭነት ፔጆ ያገኛል፤ «ውይይት» ግን አይኖርም።

ለጽሑፌ ስል አሰላ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የቆመ ላንድሮቨር ለሁለት ቀን መርምሬአለሁ። የእግሮቹ ርቀት 109 ኢንች የሆነው ረጅሙ ዓይነት ነው። የፊት መብራቶቹ በፍርግርጉ መካከል እንጂ በፓራፋንጎዎቹ ላይ ባለመሆናቸው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። የግራ ፓራፋንጎው ግን ዘግይቶ ከተሠራ ሌላ ላንድሮቨር የመጣ በመሆኑ ለመብራት የተከፈተው ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኗል። ሻንሲው ከኋላ በኩል በሦስት ቦታ ተበይዷል፤ ጥገናው ግን በቀድሞው መስመር ነው፤ አልተቆረጠም፣ አላጠረም። በባሌስትራዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል ተደርቧል። ካምቢዮው፣ አክሰሎቹና መሪው የራሱ ናቸው። ሞተሩ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው የጃፓን ናፍጣ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል በቶርኖ የተሠራ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ገብቷል። ሰሌዳውን በመለኪያ ፈተሽሁት፤ የሁለቱ ዘንጎች መሐል ለመሐል ያላቸው መገጣጠም ያለ ንድፍ ወረቀት የተሠራ ነው ለማለት የሚያዳግት ነው። ንድፍ ግን አልነበረውም።

በእንግሊዞች ሒሳብ ይህ መኪና ስንት ያገኛል? ሻንሲው 5፣ መሪው፣ አክሰሎቹና ካምቢዮው 6፣ በድምሩ 11 ነው። ባሌስትራው አጠራጣሪ ስለሆነ ምንም አልሰጠሁትም፤ ሞተሩም ዜሮ ነው። ከሚፈለገው 8 በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ያው መኪና ነው። በፊቫ ትርጓሜ ግን ገና ከበሩ ይመለሳል፤ ዛሬም በገበያ ቀን ድንችና ገብስ ይጭናልና። አንድን መኪና በሕይወት ያቆየው ሥራው ሆኖ ሳለ፣ ሥራውን ካልተወ ነባር አይባልም ማለት ለሀብታም አገር የተጻፈ ደንብ ነው። ይህን የምለው ፌዴሬሽኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ የደንቡ ጸሐፊዎች በዓይናቸው ፊት የነበረው የሰንበት መኪና ነው።

የመኪናው ባለቤት አዛውንት ናቸው። አንድ ገዢ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጥሩ ዋጋ እንደሰጣቸው፣ ዓላማውም ፖርቶ መጋላውንና አግዳሚውን አውልቆ፣ የቤንዚን ሞተር ፈልጎ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ «ኦሪጅናል» ለማድረግ መሆኑን ነገሩኝ። «ታዲያ ይኼ ምኑ ነው ኦሪጅናል ያልሆነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ጥያቄ ከእሳቸው ይልቅ ለእኛ እንደ ቀረበ አድርገው ቢያዩት እወዳለሁ።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ለውጥ በመጠኑ ነው የሚባለው ሲነበብ ነው። ማለትም፣ መኪናውን የሚመረምር ባለሙያ ፋብሪካው የሠራውንና ጋራዡ የጨመረውን ሁለቱንም ለይቶ ማየት ሲችል፣ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ሲቀር ነው። የተደረበ ቅጠል ይነበባል። ከሌላ የመጣ ፓራፋንጎ ይነበባል። በብሎን የገባ ሰሌዳና ከጀርባው ያለው እንግዳ ሞተርም፣ የሻንሲው ማሰሪያዎች እስካልተቆረጡ ድረስ ይነበባል። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ከማይስማሙ ጓደኞች ጋር ተከራክሬአለሁ። ሞተሩ ከዘመኑ ውጭ ስለሆነ አይቆጠርም ይላሉ። እኔ ደግሞ መኪናው ከሥራ ካልወጣ ዘመኑ አላለፈም እላለሁ። ሻንሲው ተቆርጦ ያጠረ፣ አካሉ በሌላ አካል የተተካ፣ ጣራው ተቆርጦ የተጣለ ግን ያለፈውን ገጽ ቀዷልና ሌላ መኪና ነው፤ ቢያምርም ሌላ ነው። አንዳንድ ወጣቶች በቮልስዋገን ላይ የሚያደርጉትን ማስፋትና ማሳጠር የምመለከተው በዚህ ዓይን ነው። ጥበባቸውን አደንቃለሁ፤ «በመጠኑ» ለሚለው ቃል ግን አልሰጣቸውም።

ከዚህ የሚከተለው ለአንዳንዶች የማይመች ነው። የአሰላውን ላንድሮቨር «ኦሪጅናል» ማድረግ በዚሁ መለኪያ ከለውጦች ሁሉ የከፋው ለውጥ ይሆናል። ሠላሳና አርባ ዓመት የደጋ ሥራ የጻፈበትን ፍቆ፣ ከእንግሊዝ አገር ወጥቶ ከመርከብ እንደ ወረደ የሚያስመስል አዲስ ጽሑፍ ይጽፍበታልና። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ መኪናዎች በእንግሊዝ አገር ታድሰው ይገኛሉ፤ የእኛ አንድ ሲጨመር ለእነርሱ ምንም አይደለም። ያ በቶርኖ የተሠራ ሰሌዳ ግን ሌላ ቦታ የለም። ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ የተተካን ደብር ቤተ ክርስቲያንነቱ ቀረ የሚል ሰው አልሰማንም፤ ቆርቆሮውን ማን እንዳለበሰው፣ መቼ እንዳለበሰው ግን የደብሩ ሰዎች ያውቃሉ። የመኪናውን ግን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። ሰሌዳውን የሠሩት ባለሙያ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ያለው እዚያ መኪና ውስጥ ብቻ ነው። መኪና በአርሲ ሲሞት እንኳ ባሌስትራው ማረሻና ማጭድ፣ ጎማው የጋሪ እግር ይሆናል። ስለዚህ ሳይመዘገብ የቀረ ነገር በእርሻ መሣሪያነት ተበታትኖ ይቀራል።

ማኅበራችን ደንብ የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ መመዝገብ ግን ይችላል። አባሎች በየሚሠሩበት አውራ ጎዳና፣ እርሻና ጋራዥ የሚያገኙትን ነባር መኪና በአንድ ቅጽ ቢያሰፍሩ ይበቃል። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ስላለ በዚያ ላይ መድከም አያሻም። ሊብሬ የማያውቀው ይጻፍ፤ የትኛው ላሜራ ከየት እንደ መጣ፣ ብየዳው የት የት እንዳለ፣ ስንት ቅጠል እንደ ተደረበ፣ ሰሌዳው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ የሠራው ሰው በየትኛው ከተማ ይሠራ እንደ ነበር። ሞተሩ ገና ቤንዚን የሆነ እንደሆነ ደግሞ ካርቡራተሩ ይከፈትና በዚያች የነሐስ ብሎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩ ተፍቆ ቀዳዳው በእጅ የተበሳ ከሆነም ስፋቱ ይለካ።